ግንዱ ይሸጣል፣ አፈሩ ይቀራል፦ ስለ ተከላ ደን ካርቦን የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም ዓምዱን በሙሉ ለተከላ ደን ካርቦን ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አድርገን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን ቦታውን ብቻ ይዘናል።

ጥያቄ፦ ሁለት ጥማድ መሬት ላይ ነጭ ባሕር ዛፍ አለኝ። ስድስት ዓመት ሞልቶት ለአጠና ደርሷል። ከመሸጤ በፊት ውስጡ ምን ያህል ካርቦን እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ። ራሴ መለካት እችላለሁ ወይስ የግድ ባለሙያ ያስፈልገኛል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ይችላሉ። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ልክ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዱላ፣ 12 ሜትር ገመድ፣ ችካል፣ ጠመኔ፣ ደብተርና የስልክዎ ካልኩሌተር ይበቃል።

ሁሉንም ዛፍ መለካት አይጠበቅብዎትም። ገመዱን 11 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር ላይ ቋጥረው በችካል ዙሪያ ቢያዞሩት የሚከበው ቦታ 400 ካሬ ሜትር ነው። ለግማሽ ሄክታር እንዲህ ያለ ሦስት ክብ ይውሰዱ። ዛፉ ያማረበትን አይተው አይምረጡ፤ ከአንዱ ጥግ ተነሥተው እኩል እርምጃ እየቆጠሩ፣ ቁጥሩ ያለቀበት ላይ ችካሉን ይትከሉ። ዳር ያለ ዛፍ ብርሃን ስለሚያገኝ ይወፍራል፤ ክቡ ዳር ዳሩን ከያዘ ስሌቱ ያብጣል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ገመዱን በመሬቱ ላይ አያስተኙት፤ አግድም ይወጥሩት።

በክቡ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ ዱላው በሚደርስበት ከፍታ፣ ማለትም በ1.30 ሜትር ላይ፣ ዙሪያውን ይለኩ። ተዳፋት ላይ ዱላውን በላይኛው በኩል ያቁሙት። የለኩትን በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት፤ አለዚያ አንዱን ሁለት ጊዜ ይለኩታል፣ ሌላውን ይዘሉታል። ከጉቶ ያቆጠቆጠ ከሆነ እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ይለካል። የዙሪያውን ልክ ለ3.14 ሲያካፍሉ ዲያሜትሩን ያገኛሉ፤ 31.4 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ዛፍ ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ነው።

ቁመቱን ቆሞ እያለ መገመት ከባድ ነው፤ ጥቅጥቅ ባለ ባሕር ዛፍ ውስጥ ጫፉ አይታይም። እርስዎ ሊቆርጡ ስለሆነ ግን ዕድለኛ ነዎት። ከቀጭኑም ከመካከለኛውም ከወፍራሙም ሁለት ሁለት ቆርጠው፣ መሬት ላይ ተጋድመው ሳሉ በሜትር ይለኳቸው። ሌሎቹን በውፍረታቸው ከእነዚህ ጋር እያመሳሰሉ ቁመት ይስጧቸው።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። ለሐሩር ክልል ዛፎች በሰፊው የሚሠራበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው፣ ከ4,004 ተቆርጠው ከተመዘኑ ዛፎች የተገኘው ነው። የእንጨቱን እፍግታ፣ ዲያሜትሩን በራሱ ተባዝቶና ቁመቱን ያባዙ፤ ውጤቱን በ0.976 ኃይል ከፍ ያድርጉት፤ በመጨረሻ በ0.0673 ያባዙት። የሚያገኙት ከመሬት በላይ ያለው የዛፉ ደረቅ ክብደት በኪሎ ነው። እፍግታው በግራም በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፣ ዲያሜትሩ በሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ በሜትር መግባት አለበት።

የዛፍዎ ዲያሜትር 10፣ ቁመቱ 13 ይሁን፤ የወጣት ነጭ ባሕር ዛፍ እፍግታ 0.55 ብለን እንያዝ። 0.55 × 100 × 13 = 715። ይህ በ0.976 ኃይል 611 ገደማ ይሆናል፤ በ0.0673 ሲባዛ 41 ኪሎ። ሥሩን ለመጨመር ለሐሩር ክልል ተራራማ አካባቢ የሚሠራበትን 27 በመቶ ይደምሩ፤ 52 ኪሎ ይሆናል። የደረቅ እንጨት 47 በመቶው ካርቦን ስለሆነ 24.5 ኪሎ ካርቦን ማለት ነው። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመቀየር በ3.67 ሲያባዙት 90 ኪሎ ይመጣል። በአንድ ክብ ውስጥ እንዲህ ያለ 64 ዛፍ ከቆጠሩ በሄክታር 1,600 ነው፤ 39 ቶን ካርቦን ይሆናል። የእርስዎ ሁለት ጥማድ የዚህን ግማሽ ይይዛል።

ሁለት ስሕተቶችን ይጠንቀቁ። ዲያሜትር ላይ 10 የነበረውን 11 ብለው ቢጽፉ ክብደቱ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሜትሩ እንዳይዛነፍ፣ የተላጠ ቅርፊትም ከሜትሩ ሥር እንዳይገባ። ሁለተኛው ይበልጥ የተለመደ ነው፦ የዛፎቹን አማካይ ዲያሜትር ወስዶ አንድ ጊዜ ብቻ ማስላት። 6 እና 14 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ዛፎች አማካያቸው 10 ነው፤ ክብደት የሚከተለው ግን ዲያሜትሩ በራሱ ሲባዛ ያለውን ነው፤ 36 ሲደመር 196 ከ200 ይበልጣል። በአማካይ ያሰላ ሰው የራሱን ደን ያሳንሳል። እያንዳንዱን ዛፍ ለየብቻ አስልተው ይደምሩ።

ቀመሩ የተገኘው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ደን ነው። ተጠጋግቶ የተተከለ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉ ጥቂት፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጥቂት ሊያጋንንበት ይችላል። የቆረጧቸውን ስድስት ዛፎች መዝነው፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ አድርቀው የውሃውን ድርሻ ካወቁ ቀመሩን በራስዎ ደን ላይ መፈተን ይችላሉ። እርጥቡን ክብደት እንደ ደረቅ እንዳይወስዱ አደራ፤ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ገደማው ውሃ ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ 39 ቶኑ ያለው ዛሬ፣ በመቁረጫው ዋዜማ ነው። አጠናው ሲጫን ከመሬት በላይ ያለው 31 ቶን አብሮ ይሄዳል። ሥር ላይ ያለው 8 ቶን ግን ጉቶው በሕይወት እስካለ ድረስ ይቀራል። በየስድስት ዓመቱ የሚቆረጥ ደን ከዙር እስከ ዙር በአማካይ የሚይዘው ከመሬት በላይ ካለው ግማሹን ገደማና ሥሩን ነው፤ በዚህ ምሳሌ 24 ቶን ያህል። ሰው ሲጠይቅዎ ይህን ይንገሩት። ጉቶውም እንዳይሞት ከመሬት በ10 እና 12 ሳንቲ ሜትር መካከል፣ ውሃ እንዳያቁር አጋድለው፣ ቅርፊቱን ሳይገሽልጡ በተሳለ መጋዝ ይቁረጡ። ያቆጠቆጠውንም ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ አስቀርተው ሌላውን ያንሱ።

ጥያቄ፦ የልማት ሠራተኛ ነኝ። የፈረንጅ ጥድ ደን ውስጥ የአፈር ናሙና ወስደን ላቦራቶሪ 4.1 በመቶ አለን። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግመን ስንወስድ 3.2 በመቶ ሆነ። ደኑ አልተነካም። አፈሩ ካርቦኑን እያጣ ነው ማለት ነው? የመጀመሪያው እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የተወሰደ ነው፤ ላቦራቶሪዎቹም የተለያዩ ናቸው። (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ መልሱ ጥያቄዎ ውስጥ አለ፦ ጥልቀቱም ላቦራቶሪውም ተለውጧል። ካርቦን ከላይ ይበዛል፣ ወደ ታች ሲሄዱ ይሳሳል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምረው የቆፈሩ ዕለት መቶኛው መውረዱ አይቀርም። መቶኛ ብቻውን ክምችት አይደለም። ክምችት በሄክታር በቶን የሚገኘው የካርቦን መቶኛ በአፈሩ እፍግታ፣ እፍግታው ደግሞ በጥልቀቱ በሳንቲ ሜትር ሲባዛ ነው። እፍግታውን 0.9 ብለን ብንይዝ የመጀመሪያው 4.1 × 0.9 × 20፣ 74 ቶን ገደማ ይሆናል፤ ሁለተኛው 3.2 × 0.9 × 30፣ 86 ቶን ገደማ። «ጠፋ» ያሉት ቁጥር በዚህ መንገድ ሲታይ ጨምሯል። ነገር ግን ይህንንም «ጨመረ» ብለው እንዳይጽፉት፤ ሁለት የተለያየ ጥልቀት አይወዳደርም።

ቀጥሎ የላቦራቶሪ ወረቀቶቹን አውጥተው ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ የተጻፈው «ኦርጋኒክ ካርቦን» ነው ወይስ «ኦርጋኒክ ቁስ»? በተለመደው አሠራር ኦርጋኒክ ቁስ የሚገኘው ካርቦኑ በ1.724 ተባዝቶ ነው። 4.1 ያላችሁ ቁስ ከነበረ ካርቦኑ 2.4 ገደማ ብቻ ነው፣ ታሪኩም በሙሉ ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ ዘዴው ምንድን ነው? በአገራችን ላቦራቶሪዎች የተለመደው የዎክሊ ብላክ ዘዴ በአሲድና በዳይክሮሜት ካርቦኑን ያቃጥላል፤ ሁሉንም ግን አያገኘውም፣ በአማካይ 77 በመቶ ያህሉን ነው። ለዚህ በ1.3 ማባዛት የተለመደ ነው፤ አንዱ ላቦራቶሪ አባዝቶ ሌላው ካላባዛ ልዩነቱ ከዚያ ብቻ ይመጣል። በእሳት የሚያቃጥለው ማሽን ሁሉንም ያገኛል፣ ግን ኖራ ያለበት አፈር ከሆነ የኖራውንም ካርቦን ይቆጥራል። ጥቂት ጠብታ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አፈሩ ላይ አድርገው አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው የድሮውን ናሙና በደረቁ ማስቀመጥና ከአዲሱ ጋር በአንድ ቀን በአንድ ላቦራቶሪ ማስመርመር ነው።

እንደገና ሲጀምሩ እንዲህ ያድርጉ። የረገፈውን ቅጠል 50 በ50 ሳንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት ፍሬም ውስጥ ለብቻው ሰብስበው ያድርቁና ይመዝኑ፤ 200 ግራም ደረቅ ቢያገኙ በሄክታር 8 ቶን ነው፤ ካርቦኑ 37 በመቶው ተብሎ ይሰላል፣ 3 ቶን ገደማ። ቅጠሉን ካነሡ በኋላ አፈሩን ከ0 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 20፣ ከ20 እስከ 30 ለየብቻው ይውሰዱ። ጥልቀቱን ለያይቶ የወሰደ ሰው በኋላ ሊደምረው ይችላል፤ ቀላቅሎ የወሰደ ሊለየው አይችልም።

ለእፍግታው ጉድጓድ ቆፍረው ከጎኑ የብረት ቀለበት ያስገቡ። ዲያሜትሩ 5፣ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት 98 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ይይዛል። በመዶሻ ሲመታ አፈሩን ከጨፈለቀ ያ ናሙና ይጣላል። በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቀው በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍተው የደቀቀውን ብቻ ይመዝኑ። 88 ግራም ከሆነ ለ98 ሲካፈል 0.90 ነው። የደቀቀውን አፈር ለሙሉው ቀለበት ካካፈሉ ጠጠሩ ተቀንሷል፤ እንደገና የጠጠር መቶኛ ቢቀንሱ ሁለት ጊዜ ቀነሱ ማለት ነው። ይህ ስሕተት በብዙ ሪፖርት ላይ ይገኛል።

ከብት ደን ውስጥ የሚሰማራ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። አፈሩ ተረግጦ እፍግታው ከ0.9 ወደ 1.1 ቢወጣ በዚያው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 22 በመቶ ተጨማሪ አፈር ገባ ማለት ነው። ካርቦን ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ማወዳደር ያለባችሁ እኩል ጥልቀትን ሳይሆን እኩል ክብደት ያለው አፈርን ነው።

ለኬሚካል ምርመራው የሚሄደውን አፈር እርጥብ እንደሆነ ፌስታል ውስጥ አይቋጥሩት፤ ይሻግታል፣ ካርቦኑንም ይበላዋል። ጥላ ላይ አንጥፋችሁ አድርቁት። ስሙን በእርሳስ ጽፋችሁ ውስጥም ውጭም አድርጉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ይጠፋል።

ስለ ጊዜው ደግሞ በግልጽ እንናገር። ሦስት ዓመት አይበቃም። አፈሩ በዓመት በሄክታር ግማሽ ቶን ካርቦን ቢጨምር እንኳ በአምስት ዓመት 2.5 ቶን ነው፤ ከ86 ቶን ላይ 3 በመቶ አይሞላም። ናሙናው የሚለያየው በ30 በመቶ ከሆነና የምንፈልገው በ10 በመቶ ውስጥ የሚያርፍ ቁጥር ከሆነ 36 ያህል ቦታ መውሰድ አለብን፤ ያም ሆኖ ያ 3 በመቶ በውስጡ ይሰወራል። ዛሬ በደንብ ተለክቶ ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዘዴ የሚደገም አንድ ልኬት በየዓመቱ ከሚወሰድ ግማሽ ልብ ናሙና ይበልጣል። የቦታዎቹን ነጥብ በጂፒኤስ መዝግባችሁ ወረቀቱን ከጽሕፈት ቤቱ ውጭም አንድ ቅጂ አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዛፍ አፈሩን ያደርቃል፣ ያራቁታል ይባላል። ታዲያ ለአፈር ካርቦን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የሚወስነው ከባሕር ዛፉ በፊት መሬቱ ላይ ምን እንደነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ ከ74 ጽሑፎች የተሰበሰበ ጥናት ከተለያዩ አገሮች የመጣውን መረጃ ሲያነጻጽር፣ የታረሰ መሬት ወደ ተከላ ደን ሲለወጥ የአፈር ካርቦኑ በአማካይ በ18 በመቶ ጨምሯል። የግጦሽ ሣር ወደ ተከላ ደን ሲለወጥ ግን በ10 በመቶ፣ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ በተከላ ደን ሲተካ ደግሞ በ13 በመቶ ቀንሷል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲታረስ የኖረና የተሸረሸረ መሬት ካርቦኑን ቀድሞ ጨርሷል፤ የሚረግፍ ቅጠልና የሚሞት ሥር የመጣበት ዕለት መሙላት ይጀምራል። ጥሩ ሣር ያለበት መሬት ግን ጥቅጥቅ ባለው የሣር ሥር ምክንያት ከላይ እስከ ታች ሞልቷል፤ ሣሩ በጥላ ሲሞት ያንን የሚተካ ሥር ባሕር ዛፉ ቶሎ አያመጣም።

በአካባቢያችሁ በጣም የሚያሳስበን ጨፌው ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ አየር ስለማይገባ የሞተው ሣር ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም፤ ለብዙ ዘመን እየተደራረበ ጥቁር አፈር ይሆናል። ባሕር ዛፍ እዚያ ተተክሎ ውሃውን ሲመጥ አየር ይገባል፣ የተከማቸውም መበስበስ ይጀምራል። ዛፉ ከላይ እያደገ መሬቱ ከሥር ካርቦን ይተፋል። በምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ የገባው ይህ ዛፍ የሸዋን ሰው ከማገዶ ችግር አውጥቶታል፤ ቦታው ግን ምንጭ ራስና ጨፌ አይደለም። ለእህል የማይሆነው የተጎዳ ተዳፋት ነው።

ጥያቄ፦ እናቶች ከባሕር ዛፍ ሥር ቅጠል ጠርገው ለምጣድ ይወስዳሉ። ጉዳቱ ምን ያህል ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የአፈሩ ቀለብ ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ በየጊዜው ከተጠረገ ወደ ብስባሽ የሚለወጥ ነገር አይኖርም፤ ዝናቡም ባዶውን መሬት ይመታል፣ የላይኛው ካርቦን የበዛበት አፈር ታጥቦ ይወርዳል። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ከግንዱ ይልቅ ንጥረ ነገር የበዛበት ስለሆነ የሚቀጥለው ዙር እድገትም ይዳከማል። ጋግሮ የሚበላ ሰው ግን ማገዶ ያስፈልገዋል። የሚቻለው ደኑን ከፋፍሎ በተራ መጥረግ፣ ተዳፋቱን ጨርሶ አለመንካት፣ ቁጠባ ምድጃ መጠቀም ነው። ቅጠሉ መሬት ላይ ሲቆይ ለሰደድ እሳት ነዳጅ ስለሚሆን በየመካከሉ የእሳት መከላከያ መንገድ መጽዳት አለበት።

ጥያቄ፦ እኛ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክለን በአምስት ዓመት ከሰል እናከስላለን፤ መልሰን ጤፍ እንዘራበታለን። ካርቦኑ የት ይገባል? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት እንጀምር፤ በውስጡ 47 ኪሎ ካርቦን አለ። በተለመደው የአፈር ክምር 15 ኪሎ ከሰል ቢወጣ፣ ከሰሉ ሰማንያ በመቶው ካርቦን ቢሆን፣ የያዘው 12 ኪሎ ነው። ሌላው 35 ኪሎ እዚያው ክምሩ ላይ በጭስ ሄደ፤ ከፊሉም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ አየርን የሚያሞቀው ሚቴን ሆኖ። 12 ኪሎውም ከተማ ላይ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። በአንድ ዙር ውስጥ ከመሬት በላይ ያለው ሒሳብ ዜሮ ላይ ያርፋል።

ሆኖም ሥራችሁን ከንቱ አያደርገውም። ያ ከሰል ከተፈጥሮ ደን ወይም ከቆላ ግራር ቢመጣ ኖሮ የማይመለስ ዛፍ ይቆረጥ ነበር። ዲከረንስ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ በሥሩ ያስቀምጣል፤ ለኮምጣጣ አፈራችሁ ቅጠሉ፣ ሥሩና የከሰሉ አመድ ይረዱታል፤ ቀጥሎ የሚዘራው ጤፍም ይህን ያሳያል።

ማሻሻል የሚቻለው ክምሩ ላይ ነው። እንጨቱን ተቆርጦ በወሩ እንጂ በሳምንቱ አታክስሉት፤ እርጥብ ከሆነ ውሃውን ለማትነን ራሱ እንጨቱ ይነዳል፣ ከሰሉም ያንሳል። ወፍራሙን ከመሐል፣ ቀጭኑን ከዳር፣ በመካከሉ ክፍተት ሳይቀር ደርድሩት። ጭሱ ነጭ እያለ ውሃ ነው የሚወጣው፤ ሰማያዊ መሆን ሲጀምር እንጨቱ ከስሏልና ቀዳዳውን መድፈን ነው። በዚያ ሰዓት መዘግየት ከሰሉን ራሱን ማንደድ ነው። ክምሩንም በየዓመቱ አዲስ ቦታ ላይ አትሥሩ፤ ከሥሩ ያለው አፈር ይጠበሳል፣ ብስባሹ ይቃጠላል። አንድ ቦታ ለይታችሁ እዚያው ተመላለሱ።

የማይሸጠውን የከሰል ብናኝ ግን አትጣሉት። ከሰል መሬት ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ገበሬ እጅ ላይ ካሉት የካርቦን ዓይነቶች ይህን ያህል የሚዘልቅ የለም። ብቻውን ከመበተን ይልቅ ከፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር አስቀምጡት፤ ንጥረ ነገሩን ከያዘ በኋላ ማሳ ላይ ቢገባ ከሰብሉ ጋር አይሻማም። በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን የመታው የዋግ ዓይነት በሽታም አንድ ዛፍ ብቻ መትከል አደጋ እንዳለው አሳይቷል፤ ጥቂት ዋንዛ፣ ግራቪሊያና የአበሻ ጥድ በዳሩ ይቁም።

ጥያቄ፦ ጥዱን ስናሳሳ ካርቦኑን እየቀነስን አይደለም? (ከወንዶ ገነት)

መልስ፦ ለጥቂት ዓመታት ይቀንሳል። በኋላ ግን የቀረው ዛፍ ይወፍራል፣ አጠናና ማገዶ ብቻ ይሆን የነበረው ጣውላ ይወጣዋል። ዲያሜትሩ 25፣ ቁመቱ 20 ሜትር የሆነ፣ እፍግታው 0.43 የሆነ የፈረንጅ ጥድ ከላይ ባየነው ቀመር ሥሩን ጨምሮ 176 ኪሎ ገደማ ካርቦን ይይዛል፤ 500 ዛፍ በሄክታር ከቆመ 88 ቶን። በእርግጥ ለጥድ የራሱ ቀመር ቢገኝ ያንን ይጠቀሙ።

ጣውላ መሆኑ ለውጥ ያመጣል። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አሠራር ጣውላ ላይ ያለ ካርቦን ግማሹ እስኪጠፋ 35 ዓመት፣ ወረቀት ላይ ያለው 2 ዓመት ይሰጠዋል። መጋዝ ቤት ግን ከግንዱ ግማሽ ገደማው ፍልጥና ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል፤ «ግንዱ በሙሉ ጣራ ላይ ወጣ» ብሎ ማስላት ስሕተት ነው። ቅርንጫፉን ሰብስቦ ማቃጠልም ይቅር፤ በተዳፋቱ አግድም ደርድሩት፣ አፈር ይይዛል፣ ቀስ ብሎም ይበሰብሳል። ያልሳሳ ጥድ ሥር ሣር እንኳ ስለማይበቅል ጎርፍ አፈሩን ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ ካርቦን ለመሸጥ ምን ያስፈልገናል? ሦስት ገበሬዎች ነን፣ አንድ ተኩል ሄክታር ባሕር ዛፍ አለን። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ለብቻችሁ አያዋጣችሁም። በወላይታ የሚገኘውን ሁምቦ ተመልከቱ። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከግጦሽና ከቆረጣ ተጠብቆ፣ አብዛኛው ከቀሩት ጉቶዎች ራሱ አቆጥቁጦ ደን ሆነ። ነዋሪዎቹ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ ወርልድ ቪዥን የተባለው የእርዳታ ድርጅት አስተባብሮ፣ የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ከካርቦኑ ከፊሉን ገዛቸው። በ30 ዓመት ይጠበቅ የነበረው 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በሄክታር በዓመት 11 ቶን ያህል። በዚህ ልክ እንኳ ብታገኙ የእናንተ መሬት በዓመት 16 ቶን ነው። ቶኑ በ5 ዶላር ቢሸጥ 80 ዶላር ይሆናል፤ ካርቦኑን የሚያረጋግጠው ድርጅት አንድ ጊዜ መጥቶ ለሚያይበት አይበቃም።

ሌላም እንቅፋት አለ። ገዢ የሚከፍለው ያለ እሱ ገንዘብ ለማይኖር ደን ነው። ባሕር ዛፍ በአጠናው ብቻ ስለሚያዋጣ «ባይከፈላችሁም ትተክሉት ነበር» ትባላላችሁ። የተራቆተውን የጋራ ተዳፋት ከቀበሌው ጋር ሆናችሁ ከልላችሁ በአገር በቀል ዛፍ ብታለሙት ግን ጥያቄያችሁ ይሰማል። አገራችን ደን ብላ የምትቆጥረው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ 20 ሜትር ወርድ፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለውን ነው፤ ከዚህ በታች የሆነውን ቁራጭ መሬት በደንነት አታስመዘግቡት። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ስለሚለይ ከማንኛውም ውል በፊት ደኑ በየትኛው እንደሚገባ በጽሑፍ አስይዙ።

ጥያቄ፦ ለ1,000 ችግኝ ከፍዬ «አንድ ዛፍ በዓመት 22 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፣ 22 ቶን ካካሱ» የሚል ሰርተፊኬት ደረሰኝ። ልመነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ለዚህ ዓመት አይመኑት። 22 ኪሎ የሚባለው ለአካለ መጠን ለደረሰ ዛፍ የሚነገር ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ችግኝ ደረቅ ክብደቱ 200 ግራም ቢሆን የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 345 ግራም ገደማ ነው፤ ሺህ ችግኝ ሁሉም ቢጸድቅ 345 ኪሎ፣ ከተባለው 22 ቶን ስድሳኛው ያህል። ከላይ ያሰላነው የስድስት ዓመት ባሕር ዛፍ እንኳ በአማካይ በዓመት 15 ኪሎ ነው የወሰደው፤ እሱም በፍጥነቱ የታወቀ ዛፍ ነው።

ገንዘብዎ ግን ጥሩ ሥራ ሠርቶ ሊሆን ይችላልና ይጠይቁ። የተተከለበትን ቦታ የጂፒኤስ ነጥብ ይላኩልዎ። ዛፉ ምን ዓይነት ነው፣ መሬቱ ቀድሞ እርሻ ነበር ወይስ ሣር፣ ማን ይጠብቀዋል፣ ሲደርስ ማን ይቆርጠዋል? ቆጠራውን ደግሞ ከሁለት በጋ በኋላ ይጠይቁ። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በመስከረም ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ የጸደቀው የሚለየው ከሁለተኛው ግንቦት በኋላ ነው። የሚላክልዎ ፎቶግራፍ ከአንድ ቋሚ ችካል ላይ፣ በየዓመቱ በዚያው ወር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተነሣ ይሁን፤ ከጎኑም በቁጥር የተቆጠሩትን የቆሙና የሞቱ ችግኞች ይጻፉልዎ።